ዘመድና ባዳ፦ ስለ ፍርሃትና ስለ ወገንተኝነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፍርሃት ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ፈሪና ጀግና ይሄዳል። እዚህ የማነሣው ሌላ ነው። አለቃ ሲጠራን ልባችንን የሚያስመታው፣ ባልና ሚስትን የሚያኳርፈው፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው የቆየ ደመነፍስ ነው። አብሮት የሚሄደው "የኛ" እና "የነሱ" የሚለው ስሜትም አለ። ሰዎች ስለነዚህ ሁለቱ ደጋግመው የሚጠይቁትን ሰብስቤ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ስንፈራ ሰውነታችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

"እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባላል። ሳይንሱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጆሴፍ ለዱ የተባለ አሜሪካዊ የአንጎል ተመራማሪ በአይጦች ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ የአደጋ ምልክት አንጎል ውስጥ በሁለት መንገድ እንደሚጓዝ አሳይቷል። አንዱ መንገድ አጭር ነው። አሚግዳላ ወደምትባል ትንሽ ክፍል በቀጥታ ይደርሳል። ሌላው ዞሮ የሚመጣ ነው። ነገሩን አጣርቶ በሚመረምረው የአንጎል ክፍል በኩል ያልፋል። አጭሩ ስለሚቀድም መጀመሪያ እንዘላለን። ልጥ መሆኑን የምናየው ከዘለልን በኋላ ነው።

ቀጥሎ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። የሃርቫርዱ ዋልተር ካነን ይህንን "ለመታገል ወይም ለመሸሽ" የሚደረግ ዝግጅት ብሎ ከገለጸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሦስተኛም አለ፤ ደንዝዞ መቅረት። እጅ እግር ይተሳሰራል፣ ድምፅ አይወጣም። ጥቃት የደረሰባትን ሴት "ታዲያ ለምን አልጮህሽም?" ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ይህንን ቢያውቁ እንዴት ደስ ባለኝ! ዝም ያለችው ስለፈቀደች አይደለም። ሰውነቷ ሳያስፈቅዳት ስለቆለፈባት ነው።

ለዱ ራሱ በኋላ ላይ አንድ ነገር አጥብቆ አሳስቧል። የአሚግዳላ ምላሽና "ፈራሁ" የሚለው ስሜት አንድ አይደሉም። ስሜቱ ላይ ትዝታችን፣ አስተዳደጋችን፣ የምናስበው ነገር ሁሉ ይጨመርበታል። ይህን ያዙልኝ፤ ከታች ያስፈልገናል።

አሁን አውሬ የለም። ለምንድን ነው ዛሬም እንደዚያ የምንደነግጠው?

ሰውነታችን የቆየ ስለሆነ ነው። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ አካባቢ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል ዕድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ገደማ ተብሎ ተገምቷል። እርሻ የተጀመረው ግን ከዛሬ 12 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ከተማ፣ ደመወዝና ስልክማ የትናንት ነገሮች ናቸው። አብዛኛውን ዘመን የኖርነው በጥቂት ሰዎች ስብስብ ውስጥ፣ ሌሊቱን እየፈራን ነው።

ስለዚህ አለቃችን ማታ "ነገ ጠዋት ቢሮዬ ድረስ ብቅ በል" ብሎ ሲጽፍ ሰውነት ጅብ የመጣ ያህል ይዘጋጃል። ጅቡ ግን ወይ ይበላል ወይ ይሄዳል። የአለቃው መልእክት አብሮን ያድራል። የቤት ኪራይ ጭማሪም እንደዚያው ነው፣ ከቤተሰብ የጠፋ ድምፅም እንደዚያው። ውጥረቱ ለወራት ሲቀጥል እንቅልፍ ይነሣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ በትንሽ በትልቁ እንቆጣለን። ብዙ ጊዜ "ጠባዩ ተበላሸ" የምንለው ሰው ጭንቀት ያላስተኛው ሰው ነው።

"ሰው ምን ይለኛል" የሚለው ፍርሃትስ?

ለእኔ ከሁሉም ጠንካራው እሱ ነው። ለቀደሙት ሰዎች ከቡድን መባረር ሞት ነበር። ብቻውን አድኖ፣ ብቻውን እሳት ጠብቆ፣ ብቻውን ልጅ አሳድጎ የሚዘልቅ አልነበረም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ናዎሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን በኮምፒውተር ኳስ መቀባበል አጫወቷቸው። ትንሽ ቆይቶ ኳስ የሚያቀብላቸው ጠፋ። ጨዋታው ተራ ነው፤ የሚበላ ገንዘብ እንኳ የለውም። ሆኖም አካል ሲታመም ከሚነቃቁት የአንጎል ክፍሎች አንዱ በዚህም ተነቃቃ። ሁለቱ ሕመሞች ምን ያህል ይመሳሰላሉ የሚለው ባለሙያዎችን ዛሬም ያከራክራል። መገለል እንደሚያም ግን የተገለለ ሁሉ ይመሰክራል።

ይሉኝታችን ከዚህ ፍርሃት የተሠራ ነው። ለቀብር የሚያስወጣን፣ የታመመ የሚያስጠይቀን እሱ ነው። "ቀባሪ አያሳጣህ" ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ ብቸኝነት ምን እንደሆነ ገብቶታል። ለሠርግ በብድር የሚያስደግሰንም፣ የሚደበድባትን ባል ትታ እንዳትወጣ ሴቷን የሚያስራትም ያው ይሉኝታ ነው። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ይሉኝታው ለሌላ ሰው እንድንደርስ ካደረገን ይቆይ። ሰውን አደጋ ላይ ከጣለ ይሰበር፤ ሰፈሩ የፈለገውን ይበል።

ብቸኝነት ጤናን ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ጁሊያን ሆልት ለንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ጊዜ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ይበልጥ ነበር።

ባዳን መጥላት አብሮን ይወለዳል?

አይወለድም። ብዙ ጥፋት "ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይደረጋል" በሚል ስለሚሸፈን ይህንን ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አብሮን የሚወለደው የመፍራትና የመጠጋት ችሎታ ነው። ማንን እንደምንፈራ፣ ወደ ማን እንደምንጠጋ ግን እንማራለን። አንዱ ማስረጃ ከእኛው ልጆች የመጣ ነው። ያኢር ባር ሐይም የተባለ እስራኤላዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሦስት ወር ሕፃናትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተሙ። ሕፃናቱ ሦስት ወገን ነበሩ። አንደኞቹ እስራኤል ውስጥ ያሉ የነጭ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለተኞቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ናቸው። ሦስተኞቹ የቤተ እስራኤል ልጆች ሲሆኑ እስራኤል ውስጥ መርካዝ ክሊታ በሚባለው የአዲስ ገቢዎች መኖሪያ ያሉ፣ ጥቁርም ነጭም ፊት በየቀኑ የሚያዩ ናቸው። ለሁሉም የጥቁርና የነጭ ሰው ፎቶ ጎን ለጎን ታየ። የነጮቹ ልጆች ነጩን ፊት ረዘም አድርገው አዩ። ኢትዮጵያ ያሉት ጥቁሩን አዩ። ሦስተኞቹ አላበላለጡም።

ረዘም አድርጎ ማየት መጥላት አይደለም። ነገር ግን በሦስት ወር ዕድሜ እንኳ "የለመድኩት" የሚለው መስመር እንደተሠመረ ያሳያል። ደግሞም መስመሩን የወሰነው በየቀኑ ዓይን ያየው ፊት እንጂ የልጁ የራሱ ቆዳ አይደለም። ይህ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው።

ሌላው ማስረጃ ከጦጣዎች ይመጣል። ሱዛን ሚኔካና ማይክል ኩክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተወለዱ ጦጣዎች እባብ ብዙም እንደማይፈሩ አዩ። እባብ አይቶ የሚሸበር ሌላ ጦጣ በቪዲዮ ሲያሳዩአቸው ግን ቶሎ ፍርሃቱን ተማሩ። ቪዲዮውን ቆርጠው ጦጣው አበባ አይቶ የተሸበረ ሲያስመስሉት፣ አበባን መፍራት አልተማሩም። ማለትም አንዳንድ ፍርሃቶችን ለመቀበል ተፈጥሮ አዘጋጅታናለች። ቢሆንም አስተማሪ ያስፈልጋል። አስተማሪው ደግሞ የሌላው ፊት ነው። እናት አንድ ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ የልጇን እጅ ጠበቅ ካደረገች ልጁ ትምህርቱን ወስዷል። ቃል መናገር አላስፈለጋትም።

በእኛ አገር ይህ በደንብ የሚታየው ቡዳ በሚለው ስም ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ቤተ እስራኤላዊው በዚህ ስም ሲፈሩና ሲገለሉ ኖረዋል። በሠሩት ማረሻ ታርሷል፣ በሠሩት ድስት ወጥ ተሠርቷል። ልጁ ግን ከዓይናቸው እንዲደበቅ ተነግሮታል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ያ ልጅ ሲወለድ ሸክላ ሠሪን አይፈራም ነበር። አስተማርነው።

ያለ ምንም ጠብ "የኛ" እና "የነሱ" ሊፈጠር ይችላል?

በሚገርም ፍጥነት። ሄንሪ ታጅፌል ፖላንድ ውስጥ የተወለደ አይሁዳዊ ነበር። ቤተሰቡ በናዚዎች አልቋል፤ እሱ በጦር ምርኮኝነት ተርፏል። በኋላ በእንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሆኖ ይህንን ጥያቄ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሙከራ የ14 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን በማይረባ ነገር ለሁለት ከፈላቸው። ለምሳሌ ስክሪን ላይ ያሉ ነጠብጣቦችን አብዝተው ገመቱ ወይስ አሳንሰው በሚል። እሱም የይስሙላ ነበር። ልጆቹ አልተጣሉም፣ የቡድናቸው አባል ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ግን ለራሳቸው ቡድን አደሉ። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ቡድናቸው ትንሽ ቢያገኝም ከሌላው በልጦ እንዲገኝ መረጡ።

ይህንን ሳነብ የሰፈራችንን የአርሴናልና የማንቸስተር ደጋፊዎች አስታወስኩ። እንግሊዝን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ጓደኛሞች ሲኳረፉ ታያላችሁ። ኳሱ ደስታ ነው፣ ምንም አልልም። ግን ወገንተኝነት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጫር ያሳያል። ስለዚህ "እኛና እነሱ ከጥንት ጀምሮ እንለያያለን" የሚል ሰው ስሰማ፣ ስሜቱ ስለበረታ ብቻ ምክንያቱ እውነት ነው ብዬ አልቀበልም።

ታዲያ ፍርሃት እንዴት ወደ ግድያ ይደርሳል?

ብዙውን ጊዜ "ግደሉ" ከማለት አይጀምርም። "ሊገድሏችሁ ነው" ከማለት ይጀምራል። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው አር ቲ ኤል ኤም ራዲዮ ዘፈንና ቀልድ እያቀላቀለ ቱትሲ የሚባሉትን የአገሪቱን ሰዎች በረሮ እያለ ይጠራ ነበር። ሊመጡባችሁ ነው እያለ ያስፈራ ነበር። በ1994 ከሚያዝያ ጀምሮ በ100 ቀን ገደማ ውስጥ 800 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። አሩሻ ተቀምጦ የነበረው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የራዲዮውን መሥራቾች በ2003 ጥፋተኛ ብሏቸዋል።

ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ ልንነቃ ይገባል። አንዱ ሕዝብን በነፍሳት፣ በበሽታ፣ በአውሬ ስም መጥራት ነው። ሌላው "ካልቀደምናቸው ይቀድሙናል" የሚል ማስፈራሪያ ነው። የመጀመሪያው ርኅራኄን ያጠፋል። ሁለተኛው ጥቃትን ራስን መከላከል ያስመስላል። በየትኛውም ቋንቋ፣ በየትኛውም ወገን ይባል፣ "የኛ ሰው ነው የተናገረው" ብለን ማለፍ የለብንም። እንዲያውም ከራሳችን ወገን ሲመጣ ነው ድምፃችን ይበልጥ የሚያስፈልገው። የሌላውን ወገን ተናጋሪ ብንወቅስ ማን ይሰማናል?

ማኅበራዊ ሚዲያውስ ምን ያህል ያባብሰዋል?

በጣም። ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሶስት ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ትዊተር ላይ የተሠራጩ 126 ሺህ ያህል ወሬዎችን ተከታትለው ነበር። ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ በፍጥነትም በስፋትም ሄደ። ለሐሰተኛው የተሰጡት ምላሾች ውስጥ መገረም፣ ፍርሃትና መጸየፍ ይበዛ ነበር። ያሠራጩት በዋናነት ሰዎች እንጂ ሮቦቶች አልነበሩም። እኔና እናንተ ማለት ነው።

አንድ ፖስት ደማችሁን ካፈላው ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ስልኩን አስቀምጡ። ውሃ ጠጡ፣ ሌላ ነገር ሥሩ። ያ ረጅሙ የአንጎል መንገድ ጊዜ ይፈልጋል። የቆየ የሌላ አገር ቪዲዮ "ዛሬ የተፈጸመ" ተብሎ ሲዞር ስንቴ አይተናል!

ይህ ሁሉ ከትዳርና ከፍቅር ጋር ምን አገናኘው?

ጠብ የሚያስነሣው ነገር ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የስልክ አለማንሣት፣ የወጪ ጉዳይ፣ "እናትህ እንዲህ አሉ" የሚል ወሬ። ከሥሩ ያለው ፍርሃት ግን ትልቅ ነው። "ትተወኛለች"፣ "ንቆኛል"፣ "ከኔ ይልቅ ለወገኑ ያደላል"። አንዱ ሲፈራ ይጮኻል፣ ይከታተላል። ሌላው ሲፈራ ዝም ይላል፣ ወጥቶ ይሄዳል። የሚጮኸው የሚሸሸውን ባየ ቁጥር ይብስበታል። የሚሸሸውም እንዲሁ። ሁለቱም ፈርተዋል፤ ሁለቱም ሌላው ጨካኝ ይመስላቸዋል።

ሲያትል ውስጥ ባለትዳሮችን ለብዙ ዓመት ያጠናው ጆን ጎትማን፣ በጠብ መሀል የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው በደንብ መስማት እንደሚያቅተው ይናገራል። ምክሩ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ መለያየት ነው። ሰውነት እስኪበርድ ማለት ነው። ይህ ከኩርፊያ ይለያል። ኩርፊያ ሲቆይ ሌላውን የተባረረ ያህል ያደርገዋል። እረፍት ግን "አሁን ደሜ ፈልቷል፣ ከእራት በኋላ እናውራ" ብሎ፣ ተመልሶ መጥቶ ማውራት ነው። ካልተመለሱ ያው ኩርፊያ ነው።

ሌላም አለ። ጠቡን ቶሎ ወደየቤተሰብ መውሰድ ሁለት ሰፈር ይፈጥራል። ባልና ሚስቱ ሲታረቁ የእሷ እህትና የእሱ እናት ገና አልታረቁም። ሽማግሌ ካስፈለገ ሁለቱም የሚያከብሩት ይሁን፤ የአንዱ ወገን ጠበቃ አይሁን።

ቤተሰቤ የሌላ ብሔር ሰው እንዳገባ አይፈልግም። ምን ላድርግ?

ከባድ ነው። ቀላል አስመስዬ አላወራም። መጀመሪያ የሚፈሩት ምን እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ልጄ ትርቀኛለች ብሎ ነው። አንዳንዱ ክፉ ቀን ከመጣ ብሎ ነው፤ በዚህ ዘመን ይህ ከንቱ ፍርሃት ነው ማለት አልችልም። አንዳንዱ ደግሞ የሰፈሩን አፍ ፈርቶ ነው። መልሱ እንደ ፍርሃቱ ይለያያል።

"ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" የሚል ሰው ፊት መልአክነትን ማስረዳት አይጠቅምም። ማስተዋወቅ ይጠቅማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር መውደድ ይጀምራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን "ላገባው ነው" ብሎ ከማፈንዳት፣ ቡና ላይ ብቅ ይበል። ለቅሶ ይድረስ። አባት ሲታመሙ ሆስፒታል ይገኝ። እምቢታው ከቀጠለ ውሳኔው የሁለታችሁ ነው። ብዙ ቤተሰብ ከጊዜ በኋላ ይቀበላል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ይህንን አውቃችሁ ግቡበት።

ውጭ አገር ከመጣሁ ወዲህ ወገንተኝነቴ ጨመረ። ለምን?

ባዳ በሆኑበት አገር ወደሚያውቁት መጠጋት ያለ ነው። እቁቡ፣ እድሩ፣ ማኅበሩ ብዙ ሰው አትርፏል። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከማይመስለው ጋር በአንድ እድር ይቀብራል፣ በአንድ ታክሲ ይሄዳል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰው ግን ከሚመስለው ጋር ብቻ መዋል ይችላል። ሌላውን የሚያውቀው በስልኩ ብቻ ይሆናል። ስልኩ ደግሞ የሚያሳየው ምን እንደሆነ ከላይ ተናግሬአለሁ። ከሌላው ወገን አንድ ወዳጅ ይኑራችሁ፤ ደውላችሁ "እውነት ነው ወይ?" የምትሉት።

ይህንን ስሜት መቀነስ ይቻላል?

ይቻላል፤ በስብከት ብቻ ግን አይሆንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ወንድ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ አወዳደራቸው። በቀናት ውስጥ ባንዲራ ተቃጠለ፣ ማደሪያ ተዘረፈ። አብረው እንዲበሉ ቢደረግ ምግብ ተወራወሩ። የበረደው ውሃ ሲቋረጥና የጭነት መኪና ሲቆም፣ ሁለቱም ቡድን ካልተረዳዱ የማይሆን ሥራ ሲመጣ ነው። ብዙም የማይወራው ደግሞ የቀደመው ዓመት ሙከራ ነው። በዚያኛው ልጆቹ ከመከፈላቸው በፊት ተዋውቀው ነበር። ሊጣሉ አልቻሉም፤ ሸሪፍ ሙከራውን አቋረጠው።

ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጎርደን ኦልፖርት በዚያው በ1954 የጻፈውም ይህንን ይደግፋል። መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ሲተባበሩና ሕጉ ወይም ተቋሙ ሲደግፋቸው ነው። የሰፈር እድር አብዛኛውን ያሟላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ያዋጣል፣ ድንኳኑን አብሮ ይተክላል። ለዚህ ነው እድር በብሔር ወይም በሃይማኖት ሲከፋፈል ስሰማ ውስጤ የሚረበሸው። የጠፋው የቀብር ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከሩዋንዳም የሚጨመር አለ። ኤሊዛቤት ፓለክ የተባለች ተመራማሪ የዕርቅ የራዲዮ ድራማ ለአንድ ዓመት ያዳመጡ ሰዎችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተመች። የግል እምነታቸው ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው "ሌላው ሰው ምን ይቀበላል" የሚለው ግምታቸው ነው። ተጋብቶ መኖር፣ ሐሳብን በግልጽ መናገር የተፈቀደ መሰላቸው። እንግዲህ የዚያ የይሉኝታ ጉልበት ለበጎም ይሠራል ማለት ነው። በእራት ገበታ ላይ የጥላቻ ቀልድ ሲነገር አንድ ሰው ረጋ ብሎ "ጋሼ፣ ይሄ ደስ አይልም" ቢል ሌሎቹ የሚስቁትን ይቀንሳሉ። ልጆቹም ያያሉ።

ፍርሃቴ ከልክ አልፏል። መቼ ነው ሐኪም ማየት ያለብኝ?

ፍርሃቱ ከሥራ፣ ከትምህርት ወይም ከቤት መውጣት ሲያግዳችሁ። ያለፈ አደጋ በሕልምም በቁምም እየተመለሰ ሲያስጨንቃችሁ። ድንገት ልብ ድው ድው እያለ፣ ትንፋሽ እያጠረ፣ "መሞቴ ነው" የሚያሰኝ ሽብር ሲደጋገም። መጀመሪያ የልብ ሕመም አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ልቡ ጤነኛ ከሆነ ይህ የሽብር ሕመም ይታከማል፤ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ትችላላችሁ። በክልል ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለው ሆስፒታል ጀምሩ። ጸበል የምትጠመቁ ከሆነ ተጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቋርጡ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብሯችሁ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።